ዳማ ፍለጋ ወደ ቡሬ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ሌሊቱን ዘንቦ መናኸሪያው ጭቃ ብቻ ነው። ከቡሬው ሚኒባስ ሹፌር ጎን ተቀምጫለሁ፤ ጭኔ ላይ አዲስ ጋቢ አለ። የምሰጠውን ሰው ግን ስሙንም አላውቅ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቡሬ አጠገብ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጣለኝ። አንድ ገበሬ በፈረሱ ጭኖ አስፋልት ድረስ አደረሰኝና በመኪና ሆስፒታል ገባሁ። ፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቼ ስለነበር የሰውየውን ፊት አላስታውስም፤ የማስታውሰው የፈረሱን ቀለም ነው። ቤተሰቦቼ ከሆስፒታል አዲስ አበባ ወሰዱኝ፣ ሳላመሰግነው ቀረሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

3 ሰዓት፣ ቡሬ

ገበያው ዳር ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እየበላሁ፣ ያስተማርኩበትን ትምህርት ቤት ነግሬ ስለ ገበሬው ጠየቅሁ። በሽተኛ በፈረስ ያላደረሰ ገበሬ እዚህ የለም፣ ይልቅ የፈረሱን መልክ ንገረን አሉኝ። ቡናማ ነው አልኩ።

«የትኛው ቡና?» አለች ድንች ሻጯ። «እሸቱ ቀይ፣ ጥሬው አረንጓዴ፣ የተቆላው ጥቁር።»

ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለካ ቡናማ የሸሚዝ ቀለም ነው፣ ፈረስ አይለብሰውም። ጨዋታውን የሰማ ባለጋሪ ወደ ቅላት ያደላ ፈረሱን አሳይቶ እንደዚህ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።

«እሱማ ዳማ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት በኩል ዳማ የነበራቸው አያ አስማረ ብቻ ናቸው።»

ድንቹን ሳልጨርስ ጋሪው ላይ ወጣሁ።

6 ሰዓት፣ ገጠር

ጋሪው ወንዙ ጋ ቆመ፤ ከዚያ በጤፉ ማሳ መሐል በእግር ነው። አያ አስማረ አጥር ሲጠግኑ ደረስኩ። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ዳማውም ሞቷል። ያ የታመመው መምህር እኔ ነኝ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ያዙኝ። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞሩት።

«ሞቷል ብዬ እርሜን አውጥቼ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

በአምስተኛው ቀን ሊጠይቁኝ ሆስፒታል ድረስ ሄደው ነበር። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህም አዲስ መምህር በመጣ ቁጥር ስለ እኔ ይጠይቁ ኖሯል። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ሳደርግ እንባዬ መጣ። ስሜን ሳያውቁ እንዴት አድርገው ይጠይቁ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ምን እላለሁ?» አሉ። «አንድ ቀይ ዳማ መምህር አላያችሁም ወይ፣ እላለሁ እንጂ።»