ከሁለት ቡናማ እባቦች

እባብ አልፈራም። ለጉራ አይደለም የምለው፤ እውነት ስለሆነ ነው። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከተደረደረበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ በተከራየነው ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ቦል ፓይተን የሚባሉ ዘጠኝ እባቦች አረባለሁ። ቦል ፓይተን መርዝ የለውም፤ ሲደነግጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ እንደ ኳስ ይድቦለቦላል እንጂ ሰው ላይ አይዘልም። ቀን ቀን ፓሳዴና አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ስመለስ የሚጠብቁኝ እነሱ ናቸው። «መቼ ነው የምታገቢው?» እያሉ የሚነዘንዙኝን የፌርፋክስ ሴቶች፣ «ቤቴ ዘጠኝ እባብ አለ፤ የሚደፍር ካለ ላኩልኝ» እላቸዋለሁ። እስካሁን ማንም አልተላከም።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። ጴንጤ ናት፤ ስትጸልይ ጎረቤት ይነቃል። አንድ ቀን ሥጋ ፍለጋ ፍሪዘሩን ከፍታ፣ ለእባቦቹ ያስቀመጥኳቸው በረዶ የሆኑ አይጦች ከነላስቲካቸው እጇ ላይ ሲወጡ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «በኢየሱስ ስም! ከሰይጣን ጋር ነው እንዴ ፍሪዘር የምጋራው?» አለችኝ። በሳምንቱ ሌላ ፍሪዘር ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ እሷም ወደ እባቦቹ ክፍል ዝር አላለችም፣ እኔም አልጋበዝኳትም።

እባብ አርቢን የሚያሳብደው ቀለም ነው። ተራው ቦል ፓይተን ጥቁርና ቡናማ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ነጭ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ቢጫ ጥለት ጣል ጣል ተደርጎበት፣ ቀይ ዓይን ይዞ ይፈለፈላል፤ አልቢኖ ይባላል። የአልቢኖ እናትና አባት ነጭ መሆን የለባቸውም። ሁለቱም ቡናማ ሆነው ነገሩን በውስጣቸው ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነዚህን ተሸካሚ እንላቸዋለን። ተሸካሚን ቢያገላብጡት ከሌላው በምንም አይለይም። ሁለት ተሸካሚዎች ከተገናኙ ከአራት ልጅ አንዱ ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ተሸካሚው አንዱ ብቻ ከሆነ ግን መቶ ቢወልዱ መቶውም ቡናማ ነው።

እኔም ተሸካሚ የተባሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ገዛሁ፤ ከአንድ እናት የተፈለፈሉ ናቸው። ሻጩ ሲያድጉ እርስ በርስ አገናኚያቸው አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። እህትና ወንድም! አርቢዎቹ ዘንድ ይህ ምንም አይደለም፤ ሴት ልጅን ከገዛ አባቷ ጋርም ያገናኛሉ። እኔ ግን ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ቤተሰብ እስከ ሰባት ትውልድ አያት ቅድመ አያት እየጠራ፣ ዝምድና እንደሌላቸው ያረጋግጣል። እባቦቹ ለአቅመ መራባት ሲደርሱ እጄ እምቢ አለኝ። ሞኝነት መሆኑን እያወቅሁ፣ ወንዱን ሎንግ ቢች ለሚኖር አርቢ ሰጥቼ በለውጡ ምንም የማይዛመዳት ተራ ቡናማ ወንድ ወሰድኩ። ሎንግ ቢች ድረስ የወሰደኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር። መንገዱን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ። «እትዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ለእባብ ሽማግሌ ልትልኪ ነው?» አለኝ። ይሳቅ። የዚያን ዓመት ነጭ እባብ በገዛ እጄ እንዳስቀረሁ አውቃለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት።

ወንድሜና ሚስቱም የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነበር። ለእነሱም ሰባት ቤት ተቆጥሯል። እናቴ አዲስ አበባ ካሉት የልጅቷ አባት ጋር በስልክ ስንት ቀን አያት ስትቆጥር እንደከረመች አስታውሳለሁ። ሲያልቅ ስልኩን ዘግታ እልል አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ዘር የሚያሳስበን ነገር ያለ አልመሰለንም።

ልጃቸው ተወለደች። ፀጉሯ እንደ ጥጥ ነጭ፣ ቆዳዋ ፈዛዛ ሮዝ፣ ዓይኖቿ ብርሃን ሲያዩ የሚርገበገቡ ሆና መጣች። ዶክተሩ አልቢኒዝም ነው፣ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ ነው ብሎ በደንብ አስረዳ። ማን ሰምቶት! እንኳን ማርያም ማረችሽ ማለት እኛ ቤት ባይኖርም ጠያቂ አልጠፋም፤ የሚመጣው ሰው ሕፃኗን ያያል፣ ወንድሜን ያያል፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ያማስላል። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አላቀፈቻትም። «ዘር ከልጓም ይስባል» አለች አንድ ቀን፣ ልጇና ምራቷ እየሰሙ። «የኛ አጥንት ንጹሕ ነው፣ ተቆጥሯል። ወይ ከእነሱ ነው፣ ወይም ደግሞ...»

«ወይም ደግሞ ምን?» ብዬ አፈጠጥኩባት። ደሜ ፈልቶ ነበር። የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች።

ወንድሜ ግን ያልተጨረሰውን ለራሱ ጨረሰው። ሎንግ ቢች ካለው መጋዘን ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ፓርክ አድርጎ እዚያው ይቀመጣል እንጂ ቶሎ አይገባም። አንድ ቀን ወረቀት ይዤ መኪናው ውስጥ ገባሁና፣ ሁለት ቡናማ እባቦች ነጭ እንዴት እንደሚወልዱ ስዬ አሳየሁት።

«ልጄን ከእባብ ጋር ታወዳድሪያለሽ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ልክ ነበር፣ አፈርኩ። ወረቀቱን ግን ወንበሩ ላይ ትቼለት ወረድኩ።

ሕፃኗ ሦስት ወር ሲሆናት ወንድሜ ከፋርማሲ አንድ ካርቶን ይዞ ገባ፤ የአባትነት መመርመሪያ። ሚስቱ ዕቃ እያጠበች ነበር። አየችው። እጇን አደራረቀች፣ አልጮኸችም።

«ኦኬ፣ ቴስት አድርግ» አለችው። «ሪዛልቱ ያንተ ናት ነው የሚለው፤ እኔ አውቃለሁ። ግን ሪዛልቱ ሲመጣ እኔንም ልጄንም እዚህ ቤት አታገኘንም። ሶ፣ አስብበት።»

ይህችን የወንድሜን ሚስት እወዳታለሁ፤ ከተናገረች ተናገረች ናት። ካርቶኑ ከተከፈተ እንደምትሄድ፣ ከሄደችም እንደማትመለስ ገባኝ። ለወንድሜም ገብቶታል፤ ግን መክፈትም መጣልም አቃተው። ካርቶኑ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማፈልፈያውን ከፈትኩ። ተሸካሚዋ ሴት ከሎንግ ቢቹ ወንድ የጣለቻቸው ስድስት እንቁላሎች ነበሩ፤ ሁለት ወር ሞልቷቸዋል። ስድስቱም ቡናማ እንደሚሆኑ አልተጠራጠርኩም፤ ሙያዬን የማውቅ ሰው ነኝ። ሦስቱ ተሰንጥቀዋል። ከሁለቱ ቡናማ አፍንጫ ብቅ ብሏል። ከሦስተኛው ግን ቀይ ዓይን ያለው ነጭ ጭንቅላት ወጥቶ ያየኛል።

ጮህኩ። ወንድሜ የተነደፍኩ መስሎት በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆንሽ?»

«ተሳሳትኩ» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ ስለማያውቅ ይበልጥ ደነገጠ። «ያ ከሎንግ ቢች ያመጣነው ወንድ ተሸካሚ ነው። ባለቤቱም አላወቀም፣ እኔም አላወቅሁም። ከሷ ጋር አይዛመድም፤ አንተው ነህ ድራይቭ አድርገህ የወሰድከኝ። እየው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። በሳጥኖቹ መስታወት ቡናማዋን እናት አየ፣ ቡናማውን አባት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሌላ ወንድ ገብቶባት ቢሆንስ?» አለኝ።

«ከወንድሟ ጋር አንድ ቀን እንኳ አንድ ሳጥን አላስገባኋትም፤ ሌሎቹ በሙሉ ሴቶች ናቸው። ክፍሉ ሁልጊዜ ይቆለፋል፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው።»

የጠየቀውን ጥያቄ ራሱ ሰማው። ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበርና እሷም ሰምታለች። ፊቱ ተለዋወጠ። ሳሎን ሄዶ ካርቶኑን አምጥቶ ዘረጋላት።

«ጣይው» አላት።

«ያመጣኸው አንተ፣ የምትጥለው አንተ» አለችው። «ይቅርታም ጠይቀኝ፤ ዛሬ ብቻ አይደለም።»

«እጠይቅሻለሁ» አለና ካርቶኑን ጨፍልቆ ወደ ጓሮው ቆሻሻ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ አጠገቧ ቆመ። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደርሻለሁ። ስድስት እንቁላል ያበላሸሁ መስሎኝ ቤት አተረፍኩ እያልኩ፣ እናቴን ምን ብዬ እንደምወጋት አስብ ጀመር። ኮሪደሩ ውስጥ ቆማለች። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ወንድም ነበረኝ» አለች።

እኛ የምናውቀው ሦስት እህትማማች መሆናቸውን ነው። ወንድም ሲባል ሰምተን አናውቅም።

«እንደሷ ነበር። ሰው እንዳያየው ጓሮ ነበር የሚውለው። ሳያድግ ሞተ።»

«እማዬ፣ ታዲያ ሰባት ቤት ስትቆጥሪ እሱ የት ሄደ?»

«አልወለደማ» አለች። «የሚጠራው የወለደ ነው።»

ምራቷ ታቃጥላታለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብታቃጥላትም እፈርድላት ነበር። እሷ ግን ሕፃኗን እንደታቀፈች ወደ እናቴ ቀረበች። ከኩሽናው መስኮት የሚገባው ፀሐይ ሕፃኗ ፊት ላይ አረፈ፣ ዓይኖቿ ተርገበገቡ። እናቴ እጇን ሰነዘረችና በመዳፏ ጋረደችላት።

«ፀሐይ አታስነኳት» አለች። «እኛ እሱን ይጠቁራል ብለን፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ እናስቀምጠው ነበር።»