«ማንም አላየውም» ያልኩበት ፎቶ

ይህን ነገር እስካለፈው ሰንበት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ በንዴት መሳደቤን እየዘረዘርኩ ስነግራቸው ይቺን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቻት እመለሳለሁ። እሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል፤ እኔም እንደ ተፈታ ሰው መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ያልተናዘዝኩትን ማን ይፈታልኛል?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ቤት ስላለኝ ብዙ ሰው ያውቀኛል። የእህቴን ቤት የረገጠ ሰው ደግሞ ግድግዳዋ ላይ ያለውን ፎቶ ያይና «ይኼን ያነሣኸው አንተ ነህ? እጅህ ይባረክ» ይለኛል። ፎቶው የባሏ የአያ አስማረ ነው፤ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከዚያ ሌላ ፎቶ የላቸውም። ሰው ሲመርቀኝ አሜን እላለሁ። አያ አስማረን ያስገደልኳቸው ግን በዚያው ፎቶ ነው።

ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ ቡሬ ውስጥ በአጎቴ የጨው ሱቅ እሠራ ነበር። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ አንድ የውጭ አገር ሰው ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ አጣቢ ነበርኩ፤ ሰውዬው ጦርነቱ ሲቃረብ አገር ጥሎ ሲሄድ አንዲት ታጣፊ ካሜራ ትቶልኝ ሄደ። እሷን ይዤ ቡሬ ስገባ ሰው ሁሉ ነካ አድርጎታል አለኝ። ሥራዬ ብዬ ገንዘብ ላገኝባት አልነበረም። ወድጄው ብቻ ነው የማነሣው፤ በሬ፣ ዋርካ፣ የገበያ ሰው፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ፊልሙን ከየት ታገኘው ነበር ብትሉኝ፣ ከካርሎ ነው።

ካርሎ ጣልያኖች ቡሬ በሠሩት ምሽግ ውስጥ የመንገድ ንድፍ የሚሠራ ጣልያን ነበር። አንድ ቀን ካሜራዬን ባንኮኒው ላይ አያትና ሊገዛ የመጣውን ረስቶ ቆመ። እሱም እንደኔው የዚህ ነገር በሽተኛ ነበር። አማርኛው ስብርብር ያለ፣ የእኔ ጣልያንኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር፤ ስለ ሌንስ ስናወራ ግን ደህና አድርገን እንግባባለን። ደመና ሲሆን የሌንሱን ቀዳዳ ምን ያህል መክፈት እንዳለብኝ ነገረኝ። እኔ ደግሞ በክረምት ፊልሙ በእርጥበት እንዳይበላሽ የተቆላ ገብስ ያለበት ቅል ውስጥ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት፤ ሞክሮት ተገረመ። ያነሣቸው ያገሬ ሰዎች ፊታቸው ጠቁሮ አፍንጫና ዓይን አይለይም ነበርና «ለኛ ፊት ብርሃን ጨምር፣ ለነጠላው አትዘን» አልኩት። የእኛን ሰው ፊት ለይቶ ማየት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወዳጄ ነበር ልበል? አዎ፣ ወዳጄ ነበር። የእህቴ ባል ጫካ ገብተው ከሚዋጓቸው ሰዎች አንዱ እሱ መሆኑን እያወቅሁ ሱቁ በር ላይ ሲመጣ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

እህቴ የሺ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነበር የምትኖረው። ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አያ አስማረ ከጫካ እንደሚመጡ ነገረችኝ። በበዓል ቀን መንገዱ በነጠላ ለባሽ ስለሚሞላ ከሰው ጋር ተቀላቅለው ይገቡና ተቀላቅለው ይወጡ ነበር። አባትና ልጅን አብሬ ማንሣት አማረኝ። ቤቱ ግን ሣር ቤት ነው፤ መስኮት የለው፣ ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ፣ በቀትር እንኳ ድንግዝግዝ ያለ። ለካርሎ እህቴ ወልዳ ክርስትና እንዳለብን፣ ቤቱ ጨለማ እንደሆነ ነገርኩት። ማግኒዥየም የሚሉትን ብልጭ የሚል ዱቄት በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ዱቄቱን ፊት ለፊት አታብራው፣ ፊት ይደፈጥጣል፤ ከጎን ከፍ አድርገህ አብራው፤ በወዲያኛው በኩል ነጭ ጨርቅ ስቀል፣ ብርሃኑን ይመልስልሃል አለኝ። ቃል በቃል ያለውን አደረግኩ። የሺን ጋቢ ወጋግራው ላይ ሰቀልኩት።

አያ አስማረ ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ጎፈሬያቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፤ ግራ ቅንድባቸውን የሚያቋርጥ የጥይት ጠባሳ ነበራቸው፤ በዚያ ጠባሳ ባንዳ ሁሉ ያውቃቸዋል። «አይንቀሳቀሱ አያ አስማረ» አልኳቸው። ዱቄቱ ቦግ ሲል ልጁን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ጠመንጃቸውን አነሡ፤ ቤቱ በጭስ ተሞላ፤ ልጁ አለቀሰ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። «ይኼ ወረቀት ሲደርስ ለየሺ ስጣት፤ ሌላ ሰው እንዳያየው» አሉኝ። እሺ አልኩ። በመጪው የማርያም ዕለት ራሳቸው መጥተው እንደሚያዩት ነገሩኝና ሄዱ።

ፊልሙን አጠብኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ፎቶ አላነሣሁም። የልጁ ጣቶች፣ የአባትየው ጢም፣ የነጠላቸው ክር ሳይቀር ወጥቷል። ደስታ ነው ያጠፋኝ። ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም። ለአጎቴ ባሳየው «ደህና ነው» ይለኛል፤ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። እና ለካርሎ ወሰድኩለት።

የታተመውን ፎቶ አላሳየሁትም፤ ያሳየሁት ኔጋቲቩን ነው። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ ጎፈሬው እንደ ሽበት፣ ፊቱ እንደ ፈረንጅ። እናት ልጇን አትለይበትም። ስለዚህ ማንነታቸው አይታወቅም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንዴት አሳመንኩ? እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ሊደርቅ የተሰቀለ ኔጋቲቭ እያየሁ የደንበኛውን ስም እጠራ አልነበር? የገዛ ፊልሙን የሚያጥብ ሰው ያን እንደ ፊደል እንደሚያነበው አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያላወቅሁ የመሰልኩት።

ካርሎ ወደ ብርሃን አንሥቶ ብዙ ቆየ። ዱቄቱ ትንሽ በዝቷል፣ ጋቢው ግን በቦታው ነው አለኝ። እኔ ምስጋናው አልበቃኝም። ጣቴን ሰድጄ «ይኼን እየው፣ ጠባሳው እንኳ እንዴት ጥርት ብሎ እንደወጣ» አልኩት። ይህን ያለው የእኔ አፍ ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልገረፈኝም። «አባትየው አይቶታል?» አለኝ። «ገና ነው፣ ለማርያም ይመጣል» አልኩ። እሱም ለዚያ ቀን እንዲደርስ ብሎ ጥሩ ወረቀት ሰጠኝ። በዚያ ወረቀት አተምኩት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ቂልነት ልትሉት ትችሉ ይሆናል። ሥራውን የወደደ ሰው ቂልነት። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲያ እያልኩ ተኝቻለሁ። የማርያም ዕለት ያደረግኩትን ግን ቂልነት ብሎ የሚጠራው የለም።

ያን ቀን ፎቶውን ይዤ እህቴ ቤት ስደርስ አያ አስማረ ቀድመውኝ ገብተዋል። ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብለው ራሳቸውን አዩ፤ ፊታቸውን በውሃ እንጂ በሌላ ያዩ ሰው አልነበሩም። «ይኼን ጎፈሬያም ሽፍታ ማን አስገባብሽ የሺ?» አሏት፤ እሷም ልጁን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው «ኸኔ በፊት ማን አየው?» አሉኝ።

«ማንም አላየውም» አልኩ።

ለምን? አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ለጣልያን አሳየሁት ብዬ በእህቴ ፊት መናገር አፈርኩ፣ ያቺን የደስታ ሰዓት ማበላሸት ፈራሁ። ካርሎ አይቶታል ብል ይሰድቡኝ ነበር፣ ምናልባት በጥፊ ይመቱኝ ነበር፤ ከዚያ በጓሮው በጌሾው በኩል ወጥተው ወንዙን ይሻገሩ ነበር። ጊዜ ነበረ። እኔ ግን ማንም አላየውም አልኳቸው፣ እሳቸውም አመኑኝ። ዝናራቸውን ፈትተው ወጋግራው ላይ ሰቀሉ። እጃቸውን ታጥበው ወደ ገበታው ቀረቡ። የጣልያን ቅጥር ወታደር አስካሪውና ባንዳው ቤቱን የከበበው ገበታው ሳይነሣ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ ስለነበር አያ አስማረ አልተኮሱም። እጃቸውን ሰጡ።

ቡሬ ገበያ መሐል ሰቀሏቸው። እኔ የሱቁን በር ዘግቼ ከጨው ጆንያ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ካርሎ ይሁን የተናገረው፣ ከሱ የሰማ ሌላ ይሁን፣ አልጠየቅሁትም። ከዚያ በኋላ አንዴ መጣ፤ ዓይኔን ሳያይ ሁለት ፊልም ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ያን ፊልም አልጣልኩትም። አነሣሁበት።

መንደሩ ተናጋሪውን መፈለግ ጀመረ። የእህቴ ጎረቤት አያ ቢተው በዚያው ሰሞን በሬያቸውን ጣልያን ወስዶባቸው ይመለስልኝ ሊሉ ምሽጉ ድረስ ሄደው ነበር። በሬው ተመለሰላቸው። በቃ፣ ሌላ ማስረጃ ማን ፈለገ? ከዚያ ወዲያ ደቦ የሚጠራቸው ጠፋ፣ ከማኅበሩ ጽዋ ወጡ፣ ከቤታቸው እሳት የሚጭር እንኳ አልነበረም። ነፃነት ሲመጣ ባሰባቸው፤ ከጫካ የተመለሱት ሊገድሏቸው ሲሉ ሽማግሌ ገብቶ አተረፋቸው። ልጆቻቸው «የባንዳ ልጅ» እየተባሉ አደጉ። የሺ ቤታቸውን በስማቸው አትጠራውም፣ «እዚያ» ነበር የምትለው። እኔ እሷ ቤት በመጣሁ ቁጥር በደጃቸው አልፋለሁ። እሳቸው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «እንዴት ዋልህ ልጄ» ይሉኛል፤ እኔ ሌላ ሰው እንዳያይ ፈጠን ብዬ አንገቴን ነቅንቄ አልፋለሁ። እኚህን ሰው ያሳደዳቸው ማን ነው፣ መንደሩ ነው ወይስ እኔ?

አርጅተው ሳለ አንድ የቅዳሜ ገበያ ቀን ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤቴ መጡ። ያማቸው እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። ልጆቼ መልኬን እንዳይረሱ አንሣኝ አሉ። አስቀመጥኳቸው፣ መብራቱን አስተካከልኩ። ከካሜራዋ ጥቁር ጨርቅ ሥር ልገባ ስል ካሜራዋን አልፈው እኔን አዩኝ።

«እህትህ አንተን ትሰማለች» አሉኝ። «ያላሉኝ የለም፤ እኔ ግን አልተናገርሁም። ኸመሞቴ በፊት አልተናገረም በልልኝ።»

«እሺ አያ ቢተው» አልኩ። ከዚያ «አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ» አልኩና አነሣኋቸው።

አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ፤ ሞቱ። እህቴ ከግድግዳ ወዲህ ሆና ለቅሶውን እየሰማች አልሄደችም። እኔ ሄድኩ። ዕድርተኛው ጥቂት ስለነበር ከአስከሬኑ ተሸካሚዎች አንዱ ሆንኩ። ሰዎች ደግነቴን አደነቁ፤ ልጃቸው እጄን ሳመኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን የምጽፍበት ቃል የለኝም፤ ራሴ አስጠላኝ ብቻ ልበል።

ባለፈው ሰንበት ለየሺ ነገርኳት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ መደቡ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም፣ ካርሎን፣ ኔጋቲቩን፣ ጠባሳውን፣ የማርያምን ቀን ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ አልረገመችኝም። «ማንም አላየውም ስትላቸው እኔም ሰምቼ ነበር» አለች። «ሲጨንቀኝ ያንን ነበር የማስበው። ወንድሜ ደብቆልን ነበር እል ነበር።»

ከዚያ ተነሣች። አጥሩ ሥር ከተከመረው ድንጋይ አንዱን መርጣ በማጅራቷ ተሸከመች። እንደምታውቁት በአገራችን ይቅርታ የሚለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው የተበደለው ሰው ደጅ የሚሄደው። ልጇ «እማዬ ምን ሆነሻል?» እያለ ሲከተላት ሳትመልስለት እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያልረገጠችውን የአያ ቢተውን ግቢ ገባች። የአያ ቢተው ሚስት ወጡ። የሺ ጎንበስ ብላ ቆመች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ከመደቡ አልተነሣሁም። ያ ድንጋይ የእኔ ሸክም መሆኑን እያወቅሁ በበሩ በኩል ተቀምጬ አየኋት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር ብዬም አላመካኝም፤ በዚያው ዘመን፣ በእኔው ዕድሜ፣ ስንቱ አፉን ይዞ ሞቷል። ይህን የጻፍኩት የአያ ቢተው ልጆች ከእኔ እጅ ተቀብለው ለመንደሩ እንዲያነቡት ነው። አባታችሁ እንድልላቸው የለመኑኝን አሁን እላለሁ፤ ለእሳቸው ባይደርስም ለእናንተ ይድረስ። አያ ቢተው አልተናገሩም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።