ሀሚዳ ያስማለችው ጎሚስታ

ሀሚዳ ወረታ ላይ ሩዝ ትነግዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁንም፣ አሮጌዋን የቤት መኪናም፣ ታናሽ ወንድሟን ሙባረክንም ብቻዋን ችላ የኖረች ሴት ናት። ሙባረክን አዝላ ያሳደገችው እሷ፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጣችውም እሷ። ምላሷ ስለታም ነው፤ ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ካገኘች ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ትለበልበዋለች። ወንድሟ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ምላስ ቅቤ ይሆናል።

የመኪናዋ የኋላ ወንበር ወልቋል። ሙባረክ አራት ኩንታል ሩዝ ጭኖ ደብረ ታቦር ያደርስና ባዶዋን ይመልሳታል፤ ሀሚዳ የምታውቀው ይህንን ነው። አምና ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦ አወጡ። ከውጭ በኩል ላያቸው ገና አዲስ ይመስላሉ። ባሕር ዳር ወስዳ አሳየች። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና፣ "ጭነቱን የሚሸከመው ሞላ ደክሟል። ጭነት ሲበዛባት ኋላዋ ይወርድና ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ስንት ነው የምትጭኑት?" አላት።

"አራት ኩንታል፤ ያውም ሲሄድ ብቻ" አለች። ሙባረክም አጠገቧ ቆሞ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። መካኒኩ ሞላውን ቀይሮ፣ የጎማዎቹን አቋም፣ አላይመንት የሚሉትን፣ አስተካክሎ፣ ከዚህ እንዳታሳልፉ ብሎ ሸኛቸው።

አዲሶቹን ጎማዎች ከጎረቤቷ ከጎሚስታው ከአያልነህ ገዛች። ክረምቱ ሳይወጣ እነሱም ከውስጥ በኩል አለቁ።

ሀሚዳ ነደደች። ሞላው አዲስ፣ ጭነቱ በልክ፤ ታዲያ ጥፋቱ ከጎማው ካልሆነ ከየት ሊመጣ ነው? ገበያ መሀል ቆማ "ያረጀ ጎማ አሽሞንሙነህ ሸጥህልኝ!" አለችው። አያልነህ ጎማውን እያገላበጠ፣ "ኧረ ሀሚዳ፣ ጎማው ክፉ ቢሆን በሁሉም በኩል በተበላ ነበር። ነገሩ ከጭነቱ ነው" ቢላትም አልሰማችውም። ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ደረሰ። እዚያም "ይማልልኝ" አለች። በዚያ አገር እውነት የያዘ ሰው እንኳ በልጆቹ መማል ይከብደዋል፤ ማለ ከተባለ ሐሜቱ አይለቀውምና። አያልነህ ቆቡን አወለቀ። "ያረጀ ጎማ ሸጬላት ከሆነ ልጆቼን አያሳድግልኝ" ብሎ ማለ። ሙባረክ ከእኅቱ ጎን ቆሞ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ለእሷ ያዘነ መሰላት፤ እንዲያውም አንጀቷን በላው።

ጥቅምት ላይ ሐሙሲት ለቅሶ ሄደች። ከለቅሶው ወጥታ ሚኒባስ ልትይዝ ስትሄድ፣ ደብረ ታቦር ናት ያለቻት መኪናዋ አንድ ጅምር ቤት ደጃፍ ቆማ አየቻት። ኋላዋ መሬት ሊነካ ደርሷል፣ ጎማዎቹም ከላይ ወደ ውስጥ ተጋድመዋል። ሙባረክ ጥርብ ድንጋይ ያወርዳል።

"የማን ቤት ነው?"

"የእኔ" አለ ደንግጦ። "ከደብረ ታቦር ስመለስ ድንጋይ እጭናለሁ። ባዶዋን ከምትመለስ ብዬ እኮ ነው፣ እታለም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካምና።"

ያቃጠላት ቤት መሥራቱ አልነበረም። ቢነግራት ድንጋዩን ራሷ ትገዛለት ነበር። "አያልነህ በልጆቹ ሲምል ሰምተኸዋል አይደል?" አለችው።

"እኔ ማል አልሁት? ያስማልሽው አንቺ ነሽ።"

"ነገ ሽማግሎቹ ፊት ቆመህ ትናገራለህ።"

"አልናገርም። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ ፈረስ ቢሆንማ ትሸጠው ነበር። እስከ ወረታ አለቀሰች። ከንፈሯ ተከዳሁ፣ ተከዳሁ ይላል። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ የቅርብ ዘመድ የሞተባት መስሏት "አላህ ያጽናሽ" ስትላት መጣች።

በማግስቱ ጠዋት አያልነህ ዘንድ ሄደች። የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል፤ ቀና አላለም።

"በከንቱ አስማልሁህ" አለችው። "ጎማህ ምንም አልነበረበትም። ወንድሜ ተደብቆ ድንጋይ ሲጭንባት ኖሯል። ሽማግሎቹ ባሉበት ቆሜ ስምህን እመልሳለሁ።"

አያልነህ ሥራውን አቆመ። "አንቺማ አላወቅሽም። ይቅር ብዬሻለሁ" አለ። ከዚያ በትከሻዋ አሻግሮ ወደ መንገዱ አየ። "እሱስ?"

"አልመጣም አለ።"

"ስምል ግን መጥቶ ነበር" አለ አያልነህ።