በአጎቴ ጭን ላይ የተነሳሁት ፎቶ

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ አንድ የቆየ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጌ ሳየው የዚያ የሰቆጣ ፎቶ ቤት ሽታ፣ አቧራ የጠጣው መጋረጃና የአጎቴ የፀጉር ቅባት፣ አፍንጫዬ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ከሥሩ «አባዬ ወላጅ አልባ ሲያሳድግ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሳቅ አመለጠኝ። ወላጅ አልባዋ እኔ ነኝ አሉ።

አባቴ በሕፃንነቴ መሞቱ እውነት ነው። እናቴ ግን ነበረች። ፃግብጂ ላይ ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ፍየል አርብታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ያ የቢሮ ሰው፣ ለበዓል እንኳ አንድ ቁና እህል ልኮልን አያውቅም። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ግን «ልጅቷን ይዘሻት ነይ፣ ፎቶ እንነሳለን» ብሎ ላከባት። ደስታዋን ብታይ! ያን ሁሉ መንገድ እስከ ሰቆጣ በእግራችን ሄድን።

ስንደርስ አጎቴ ክራባቱን አጥብቆ፣ ቦርጩን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አይቶት የማያውቀውን ባሕር በሚያሳይ ሥዕል ፊት ደርድሮ ጠበቀን። እኔን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። ጭኑ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የመጨረሻዬም።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጠጋ አለች።

«አንቺ እዚያው ቆዪ» አላት።

«ከልጄ ጎን ልቁም ብዬ ነበር፣ ከፈቀዱልኝ።»

«ፎቶው ይበላሻል!»

ልጆቹ ኽምጣኛ በተጫነው አማርኛዋ ተሳሳቁ። ፎቶ አንሺው ግር ብሎት ወደ እኔ ጎንበስ አለና «እናትሽ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

የልጆቹን ነጭ ካልሲ አየሁ። የእናቴን ቀሚስ ጫፍ አየሁ፤ የመንገዱ ጭቃ ደርቆበታል።

«አይደለችም» አልኩ።

አጎቴ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና «ጎበዝ!» አለኝ። በዕድሜው ያመሰገነኝ ለዚያች ቃል ብቻ ነው። እሱን ስንቀው ኖሬያለሁ፤ ይገባዋል። ያቺን የሰባት ዓመት ልጅ ግን፣ ሰዎች «ልጅ ነበርሽ» እያሉ ሊያጽናኑኝ ቢሞክሩም፣ ከእሱ አብልጬ እንቃታለሁ። እሱ ቢያንስ የገዛ እናቱን አልካደም።

እናቴ ወጥታ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከሞተች ይኸው ስድስት ዓመቷ፤ አንድም ፎቶ የላትም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ እግሬ ዛለ። አይታኝ ጎንበስ አለችልኝና አዘለችኝ፤ ፀሐዩ እንዳይመታኝ ነጠላዋን በላዬ ጣል አደረገች። ጉንጬን ላብ ባራሰው ጀርባዋ ላይ ለጥፌ «እማዬ» አልኳት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ። «ወዬ፣ ልጄ» አለችኝ በኽምጣኛ። እንደገና ጠራኋት። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ጠራኋት፤ በጠራኋት ቁጥር ሁሉ «ወዬ» አለችኝ።