«ወደፊት ነው የምቀመጠው»

የአጎቴ ባለቤት ከኬንያ ከብት አርቢዎች፣ ከማሳዮች ወገን ነበሩ። አጎቴ ከሆሳዕና ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመጣ ኬንያ ላይ ተዋወቁና አብረው አሌክሳንድራ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፈቱ። አማርኛን የተማሩት ከእኛ፣ እዚያው ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን ነው። ሁላችንም «ማማ» እንላቸው ነበር።

በአገራቸው የግጦሽ መሬት ሊሸጥ ሲመከር ሴቶች ከኋላ ሣር ላይ ነበር የሚቀመጡት። ማማ አንድ ቀን በርጩማቸውን ይዘው ሽማግሌዎቹ ፊት ሄደው ቁጭ አሉ። «መሬቱን ሸጣችሁ ላሞቻችንን የት ልናልባቸው ነው?» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ከኋላ መቀመጥ አልሆነላቸውም። በእኛ ዕድር ስብሰባም የአንገታቸው ጨሌ እየተንሿሿ ወንበራቸውን ወደ ፊት ይጎትቱ ነበር።

«ማማ፣ እዚህ ከሴቶቹ ጋር ይሁኑ እንጂ» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው።

«እኔ ወደፊት ነው የምቀመጠው!»

«ፊት» ለማለት ነው፤ አማርኛው ግን ሌላ ጊዜ እቀመጣለሁ ያሉ ያስመስላቸዋል። ወንዶቹ ይስቃሉ።

«ወደፊት መቼ ነው ማማ?»

«አሁን!»

እኔም ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጬ እስቅ ነበር።

ማማ በኮሮና ጊዜ አረፉ። ለቀብር የተፈቀደው ጥቂት ሰው ብቻ ስለነበር በወጉ እንኳ አላለቀስንላቸውም።

ክልከላው ሲነሣ ዕድሩ እንደገና ተሰበሰበ። ፊት አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ሊቀመንበራችን ሊያነሣው ሲል፣ «ተወው» አልኩት ከኋላ ሆኜ።

«ማን ሊቀመጥበት?»

«እኔ፣ ወደፊት።»

የሳቀ የለም። ተነሥቼ ሄድኩ። ወንበሩ ጋ እስክደርስ የተሰማው የጫማዬ ኮቴ ብቻ ነበር።