ጥይቱ የሚያርፍበት

ባለፈው ሳምንት መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ማንጎ የጫነ አይሱዙ ጎማው ፈነዳ። ሰው ሁሉ ባለበት ቁጢጥ አለ። በእነዚህ ዓመታት ያየነውን ያየ ሰው ቁጢጥ ቢል አይፈረድበትም። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ፓፓያ የምትሸጠው ልጅ ቀሚሷን እያራገፈች፣ «እትዬ ዘሀራ፣ እርስዎ አይደነግጡም እንዴ?» አለችኝ። ፖሊስ እንደነበርኩ ታውቃለች፤ ድፍረቱ ከተፈጥሮዬ መስሏታል። ሳቅ ብዬ አለፍኳት። ቤቴ እስክደርስ ግን የማስበው በወጣትነቴ ስለማውቃት ስለ ሌላዋ ዘሀራ ነበር።

ያቺ ዘሀራ በር ሲላተም የምትዘል ነበረች። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከግራና ከተማ በላይ ባለው መንደራችን ሠርግ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ዳሱ ጠርዝ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ሥጋውን በትንንሹ እየቆረጠ ይሰጠኛል። ሙሽራው ሲገባ እንደ አገሩ ልማድ ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤ እልልታው ቀለጠ። ሰይድ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ሊቀልድብኝ መስሎኝ በክርኔ ገፋሁት። ወደ ላይ የሄደ ጥይት ተመልሶ የት እንደሚወርድ ያሰበ ሰው አልነበረም። የማን ጠመንጃ እንደሆነ አልታወቀም፤ አባቴም ይታወቅልኝ አላሉም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጠመንጃ ያነገተ እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ውጭ ሾላው ላይ ሰቅሎ ነው የሚገባው።

የእኚህ ሰው ልጅ ፖሊስ ሆነች። ትምህርት ጨርሼ ሥራ አጥቼ ተቀምጬ ሳለ ሴት ፖሊሶች ይፈለጋሉ ተባለና ተመዘገብኩ። አባቴ አልከለከሉኝም፤ አልመረቁኝምም። የደንብ ልብሴን ለብሼ ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ይውል ነበር።

ሥራውን ግን ወደድኩት። መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባሏ የደበደባት፣ ልጇ የጠፋባት፣ መሬቷን የተቀማች ሁሉ በር ላይ ቆማ ወንዶቹን እያለፈች በዓይኗ እኔን ትፈልጋለች። ለወንድ የማይነገር ነገር ስንት እንዳለ የተማርኩት እዚያ ነው። ታዲያ በጥቅምት መጨረሻ ወልድያ ላይ የሽጉጥ ተኩስ ፈተና ይሰጣል፤ ያላለፈ ከጣቢያ ሥራ ተነስቶ ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራል ተባለ። እኔ ደግሞ ሽጉጥ በያዝኩ ቁጥር ገና ሳይተኮስ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

የሚያሠለጥኑን ሃምሳ አለቃ ካሳ የሚባሉ የውርጌሳ ሰው ነበሩ፤ ወፈር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጡረታ ደጃፍ የደረሱ። ለዓመት የሚሰጠን ጥይት ከአንድ እፍኝ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምንለማመደው በባዶ ሽጉጥ ነው። ወደ ወንዙ ደረቅ አሸዋ እንወርዳለን፤ የሽጉጡን ባዶነት እሳቸው ያያሉ፣ እኛም እናያለን፤ ከዚያ አፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ያስቀምጣሉ። ፍሬዋ ሳትወድቅ ምላጩን መሳብ ነው። ቀላል ይመስላል። እስኪ ክንዱን ዘርግቶ የቆመ ሰው ይሞክረው! ጀማሪ ሆነን ሳለን ከምንስበው የምንለቅመው ይበልጥ ነበር።

የመርሳ ጥቅምት ደግሞ ደስ ይላል። ክረምቱ ያጠገበው ማሽላ ጭንቅላቱን ይደፋል፤ ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ያረጥበዋል። ልምምዱ ሲያበቃ ከማሳው ባለቤት ለምነን እሸት በፍም እንጠብሳለን፤ ትኩሱን በመዳፍ እያሸን ገለባውን እፍ እያልን እንቅማለን። ከማማው ላይ የወፍ ጠባቂው ጅራፍ ጯ ባለ ቁጥር ግን እሸቱ ከእጄ ይበተናል። ጓደኞቼ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ተዉት።

ሃምሳ አለቃ ግን አልተዉትም። አንድ ቀን ለብቻዬ አስቀሩኝና ሌላ ዘዴ አመጡ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሽጉጡን አንዳንዴ ጥይት አጉርሰው፣ አንዳንዴ ባዶውን ያቀብሉኛል፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ባዶው ቀጭ ሲል እጄ ወደ መሬት ተወርውሮ አገኘሁት። ድምፅ ሳይኖር ከድምፁ እየሸሸሁ ነበር። ደጋግመን ሞከርን፤ ያው ነው። አልተቆጡኝም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንድቀመጥ ጠቆሙኝና ምን እንዳገኘኝ ጠየቁኝ። ከቤተሰቤ ውጭ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን የሰይድን ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ የጠየቁኝ ስለ አባቴ ብቻ ነው፤ ለገበያ መርሳ ይወርዱ እንደሆን።

ለካ ለአባቴ መልእክት ልከውላቸው ኖሯል። ፈተናው ሲቃረብ፣ በገበያ ቀን፣ አባቴ ብርቱካን የጫነች አህያቸውን እየነዱ ወንዙ ዳር ብቅ አሉ። ሽጉጡን እጄ ላይ ሲያዩ ቆሙ። እኔም ባለሁበት ደረቅሁ። ሃምሳ አለቃ ተነስተው የተቀመጡበትን ድንጋይ ጋበዟቸው፤ አባቴ ግን አልተቀመጡም። ሰላምታ ሰጥተው አፈሙዙ ወደሚያይበት አቅጣጫ ሲመለከቱ ቆዩና፣

«ጥይቱ የት ነው የሚያርፈው?» አሉ።

«እዚያ የአፈር ግድግዳ ውስጥ ነው፣ ጋሽ ይመር። ከዚያ አያልፍም። ይምጡና በዓይንዎ ይዩት» አሏቸው ሃምሳ አለቃ።

ሽጉጡን ከእጄ ተቀብለው ጥይቱን አወጡና አብረው ሄዱ። አባቴ ግድግዳውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉት። በጣታቸው ጫሩ፤ የተጨፈለቀ እርሳስ አወጡና መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት። አልበቃቸውም። በጎን በኩል ዳገቱን እየተንጠላጠሉ ወጥተው ከኋላው ያለውን ቃኙ፤ ቤት የለም፣ የእግር መንገድ የለም፣ ቁልቋልና ቋጥኝ ብቻ። ሲወርዱ ሃምሳ አለቃ ክንዳቸውን ደገፉላቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ አሸዋው ላይ ቆሜ በዓይኔ እከተላቸው ነበር። ሰይድ በሞተበት ቀን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ አባቴ ስንት ዓመት ይዘውት እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሃምሳ አለቃ ሽጉጡን አጉርሰው መልሰው አቀበሉኝ። አባቴ መጥተው ከኋላዬ ተቀመጡ።

«ቢስሚላህ በይና ተኩሺ፣ ልጄ» አሉኝ።

ተኮስኩ። ከግድግዳው አፈር ብን ሲል በዓይኔ አየሁት። ድምፁ ወንዙን ይዞ ሄዶ ጠፋ። ወዲያው ሽጉጡን ዝቅ አድርጌ ዞርኩ። አባቴ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ደህና ናቸው። እንባዬ ሲመጣ ሃምሳ አለቃ ፊታቸውን ወደ አህያዋ አዙረው ጭነቷን ያጠበቁ መሰሉ። የዚያን ቀን ሦስታችን አሸዋው ላይ ብርቱካን እየላጥን እየበላን ዋልን።

ፈተናውን አለፍኩ። ጎበዝ ተኳሽ ነች የሚለኝ አልነበረም፤ ለመርሳ ግን በቃሁ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ቆየሁ። ሠርግ ባለበት መንደር ሁሉ አስቀድሜ እየሄድኩ እንዳይተኮስ ባለቤቱን እለምን ነበር። አንዳንዱ እሺ ብሎ ጠመንጃውን ከቤት ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ የሰው ደስታ ምን አገባሽ ብሎ ይመልሰኛል። ሃምሳ አለቃ ሲያርፉ ውርጌሳ ሄጄ ከዘመዶቻቸው ጋር ለቅሶ ተቀመጥኩ። ልጃቸው ነሽ ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ።

አባቴ አሁን አብረውኝ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ነገርም ይረሳሉ። ያን የገበያ ቀን ባነሳላቸው ላያስታውሱት ይችላሉ። እኔ ግን ዕድሜዬ ሲገፋ ይበልጥ እየገባኝ መጥቷል። ዕድሜ ልካቸውን የሸሹትን ነገር ስለ እኔ ብለው ቀርበው ዳሰሱት፤ ለልጁ እንዲህ ያደረገ አባት ብዙ አላውቅም። ማታ ማታ የምንበላውን አቅርቤ አጠገባቸው ስቀመጥ አንዳንዴ በእጃቸው ይፈልጉኝና፣ «ሰይድ» ይሉኛል።

አቤት እላለሁ።