የተዛወረው የሐዘን መግለጫ

አሰላ የተመደብኩት ለኮሌጅ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ነው። ድረ ገጹ ሲታደስ ታዲያ ያም ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። አዲሱን ገጽ የአዲስ አበባ ልጆች ሠርተው አስረከቡን፤ ከአሮጌው ላይ ዜናውንና ማስታወቂያውን አንድ በአንድ እየቀዱ ማዛወር የእኔ ድርሻ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ያላስቀመጥኩት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የሚያመሰግንህም የለም።

ካዛወርኳቸው መካከል በኮሮና ጊዜ ያረፉ የአንድ መምህር የሐዘን መግለጫ ነበር። አዲሱ ገጽ የተለጠፈውን ሁሉ የዕለቱን ቀን ሰጥቶ ወደ ኮሌጁ ቴሌግራም እንደሚልክ የነገረኝ ሰው የለም።

በማግስቱ የጥበቃ ሠራተኛው ጠራኝና የመምህሩ ባለቤት ቤት በለቀስተኛ መሙላቱን ነገረኝ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው መግለጫውን አይተው ከሮቤና ከጎበሳ በሚኒባስ መጥተዋል። ክው አልኩ። ገጹን የሠሩትን ልጆች በሆዴ እየረገምኩ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። የማላውቃቸውን ሴትዮ የዳነ ቁስል ነካክቼ ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው?

ግቢው ውስጥ ሰዉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ነገሩ የቆየ መሆኑን ከደረሱ በኋላ ሰምተዋል፤ ግን ማንም ተነሥቶ አልሄደም። አንድ ጎልማሳ በኦሮምኛ ሲያወራ ሁሉም ይስቃል። መምህሩ በፈተና ቀን ያረፈደ ተማሪ ከሩቅ ሲሮጥ ካዩ፣ በሩን ላለመዝጋት ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ እየፈቱ ያስሩ ነበር አለ። ባለቤታቸውም ይስቃሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል።

ጠጋ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። መግለጫውን አሁኑኑ እንደማነሳው ነገርኳቸው።

«እንዳታነሳው ልጄ» አሉኝ። «ያኔ በሽታው ተፈርቶ ጥቂት ሰው ነው የቀበራቸው። ለታዝያ እንኳ፣ ሊያጽናናኝ የሚመጣ ጠፍቶ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። ይኸው አሁን መጡልኝ።»

ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ቀኑን ብቻ እንዳስተካክል ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ።

ወደ ግቢው በር አሻግረው አዩ።

«ነገ አስተካክለው» አሉኝ። «ከኦጎልቾ የሚመጡት ተማሪዎቹ ገና አልደረሱም።»